ጉልበቱ ሞልቷል፣ ጥያቄው ጎማው ነው፦ በኃይለኛ ፒክአፕ ላይ የፎር ዊልና የላውንች ሞድ አመራረጥ

አንድ ወዳጄ ኃይለኛ ፒክአፕ ገዛና ቁልፉን ሰጠኝ። «እስቲ ንዳውና ምን እንደሚሰማህ ንገረኝ» አለኝ። ሞተሩን አስነሳሁ። ከመኪና ማቆሚያው ለመውጣት መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። መኪናው ተንገጫገጨ። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን እየፋቁ ጮኹ። የሆነ ነገር ከሥር ጨምድዶ የያዘው ይመስል ነበር። ዲፈረንሻሉ የተሰበረ መስሎኝ ደንግጬ አቆምኩት።

ዳሽቦርዱን ሳየው የፎር ዊሉ መምረጫ 4ኤች ላይ ነው፤ አራቱም ጎማ የሚነዱበት ምርጫ ማለት ነው። ወዳጄ ሳምንቱን ሙሉ በደረቅ አስፋልት ላይ እንደዚያ ሲነዳው ከርሟል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «አራት ከሁለት አይሻልም እንዴ?» አለኝ።

ያን ቀን የተሰበረ ነገር አልነበረም። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያው ነው። አራት ከሁለት ይሻላል፣ ላውንች ሞድ (መኪናው ከቆመበት በኃይል ሲነሳ ኮምፒውተሩ የሚያግዝበት ምርጫ) ከተራው አነሳስ ይሻላል፣ 700 ፈረስ ጉልበት ከ400 ይሻላል። እኔ ደግሞ እንደዚህ አይነት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሲያማክረኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከጎማው ሥር ምን አለ? ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚህ መልስ ይወጣል።

ጉልበቱ ከጎማው ሲበልጥ

ነገሩን በቁጥር ልየው። ከ2021 እስከ 2024 ሞዴል የተሸጠውን ራም 1500 ቲአርኤክስ እንውሰድ። ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ፣ ተገጥሞለታል። ጉልበቱ 702 ፈረስ ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ 881 ኒውተን ሜትር ገደማ። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው ይህን ኃይል 4.71 ጊዜ ያባዛዋል። ከዚያ ዲፈረንሻሉ እንደገና 3.55 ጊዜ ያባዛዋል። ጎማዎቹ ጋ ሲደርስ ከ14,700 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው።

የጎማው ግማሽ ቁመት 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መኪናውን ወደፊት የሚገፋው ኃይል ወደ 33,000 ኒውተን ይጠጋል። መኪናው ራሱ የሚመዝነው ደግሞ 28,000 ኒውተን ገደማ ነው። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ከመኪናው ክብደት በላይ መግፋት ይችላል ማለት ነው። ለኮረኮንች ተብሎ የተሠራ ጎማ ግን በደረቅና ንጹህ አስፋልት ላይ እንኳን የሚይዘው ከተሸከመው ክብደት 80 በመቶ ቢሆን ነው። በጠጠር ላይ ግማሹን ከያዘ ጥሩ ነው። በበረዶ ላይ ደግሞ ጭራሽ ትንሽ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ባለ መኪና ላይ ስንነሳ የሚጎድለው ጉልበት አይደለም። የሚጎድለው መሬቱን የሚይዝ ጎማ ነው። ፎር ዊልም ሆነ ላውንች ሞድ የተሠሩት ለዚህ ችግር ነው፦ አንዱ ጉልበቱን ለስንት ጎማ እንደምናካፍል ይወስናል፤ ሌላው ጉልበቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደምንለቅ።

2ኤች፣ 4ኤ፣ 4ኤች፣ 4ኤል

በፒክአፖች ላይ የምታዩት እነዚህን አራት ምልክቶች (2H፣ 4A፣ 4H፣ 4L) ወይም ከፊላቸውን ነው።

2ኤች ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ብቻ ይሰጣል። ለደረቅ አስፋልትና ለረጅም መንገድ ይሄ በቂ ነው። መሪው ይቀላል፣ ነዳጅም ትንሽ ይቆጥባል።

4ኤ ላይ ውሳኔው የኮምፒውተሩ ነው። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ትራንስፈር ኬዝ ይባላል። በውስጡ በስስ ሳህኖች የተሠራ ፍሪሲዮን አለ። ኮምፒውተሩ ሳህኖቹን ጠበቅ ሲያደርጋቸው ጉልበት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ላላ ሲያደርጋቸው አብዛኛው ኋላ ይቀራል። ፊትና ኋላ ትንሽ ለየት ባለ ፍጥነት መዞር ስለሚችሉ መኪናው ኩርባ ላይ አይጨመደድም። ዝናብ የነካው አስፋልት፣ ግማሹ ደረቅ ግማሹ እርጥብ የሆነ መንገድ፣ ጠጠር ጣል ጣል ያለበት አስፋልት፦ ለዚህ ሁሉ 4ኤ ነው። ለዕለት ተዕለት ጉዞ ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ያለ ጥርጥር ይህን እመርጣለሁ።

4ኤች ደግሞ ፊትና ኋላን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ሁለቱ ሻፍቶች በእኩል ፍጥነት ከመዞር ውጭ ምርጫ የላቸውም። ወዳጄን ያሳሳተው ይሄ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3.7 ሜትር ያለው ረጅም ፒክአፕ፣ የኋላ ጎማዎቹ 7 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ቢዞሩ የፊቶቹ ወደ 7.9 ሜትር ይወጣሉ። ኋላ 10 ሜትር ሲሄድ ፊት 11 ሜትር ከ30 ይሄዳል። ሻፍቶቹ ግን ተቆልፈዋል። ያ ልዩነት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ያልፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ የለም። ጭነቱ ሻፍቱን፣ የሻፍቱን መገጣጠሚያ መስቀለኛና የትራንስፈር ኬዙን ሰንሰለት ያጨናንቃል። መኪናው ይንገጫገጫል፤ ጎማ ይበላል። ሲብስ መምረጫውን ወደ 2ኤች መልሳችሁትም አልላቀቅ ይላል። እንዲያ ካጋጠማችሁ ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስሙ ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዳንድ መኪና መሃል ላይ ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላለው 4ኤች ብሎ የጻፈው አስፋልት ላይም ይነዳል፤ የሚቆለፈው በሌላ ቁልፍ ነው። ስለዚህ በፊደሉ ብቻ አትፍረዱ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ «ደረቅ አስፋልት ላይ አይጠቀሙ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከየትኛው ምልክት ጎን እንደተጻፈ ፈልጉ።

4ኤል የፍጥነት ሳይሆን የትዕግሥት ማርሽ ነው። በፎርድ ኤፍ-150 እና በቲአርኤክስ ላይ 2.64 ጊዜ ያባዛል። መኪናው በእግር መንገድ ፍጥነት ድንጋይ ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ የተቀበረ መኪና ይጎትታል። ለማስገባት በብዙዎቹ መቆም ወይም ለመቆም ጥቂት በቀረው ፍጥነት መሄድና ካምቢዮውን ኒውትራል ማድረግ ያስፈልጋል። ላውንች ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ስትገዙ የትኛውን ትራንስፈር ኬዝ?

ሻጭ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ ይመሻል። እናንተ ግን መጀመሪያ ትራንስፈር ኬዙን ጠይቁ። ጉልበት ከየትም አይጠፋም፤ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከያም ይጨመራል። ትራንስፈር ኬዝ ግን ገዝታችሁ የምትኖሩበት ነው።

የመጀመሪያው አይነት ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ነው፦ ወይ ኋላ ብቻ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የተቆለፈ። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ለመጠገን የማያስቸግር። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው እወደዋለሁ። በኃይለኛ ሞተር ላይ ግን ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣል። ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ 2ኤች ያንሳል፣ 4ኤች ይበዛል። በጣም የሚያስፈልጋችሁ ቦታ ላይ መካከለኛ ምርጫ የላችሁም።

ሁለተኛው ፍሪሲዮንና መቆለፊያ አብሮ የያዘው ነው። ፎርድ በኤፍ-150 ራፕተር ላይ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በ4ኤ ላይ ፍሪሲዮኑ ያካፍላል፤ 4ኤች ስትመርጡ በሜካኒካል ይቆለፋል። በ2022 የመጣው አዲሱ ሬንጀር ራፕተርም 2ኤች፣ 4ኤ፣ 4ኤች እና 4ኤል አለው፤ በዚያ ላይ የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ የፊትም የኋላም ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል። ሞተሩ 3.0 ሊትር ቪ6 ባለ ሁለት ተርቦ ነው። ከትልልቆቹ ያነሰ ጉልበት ቢኖረውም፣ በሸካራ መሬት ላይ ጎማዎቹን የሚቆጣጠርበት መንገድ እጅግ የተሟላ ነው። ቀን አስፋልት፣ ቅዳሜና እሑድ አሸዋ ለሚል ሰው የእኔ ምርጫ ይሄኛው አይነት ነው።

ሦስተኛው ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳው ነው። ቲአርኤክስና በ2025 ሞዴል የተከተለው ባለ 540 ፈረስ ጉልበት ራም 1500 አርኤችኦ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መኪናው ሁሌም ለፊትም ለኋላም ጉልበት ይልካል፤ ሞዱ ሲቀየር የሚለወጠው ክፍፍሉ ነው። ስፖርት ላይ ወደ ኋላ ያደላል፣ በረዶ ላይ ወደ እኩል ይጠጋል። ሾፌሩ የሚያስበው ነገር ይቀንስለታል። ለላውንችም የተመቸ ነው፤ የፊት ጎማዎች እስኪጠሩ አይጠብቁም፣ ከመጀመሪያው ሰከንድ ሥራ ላይ ናቸው። ዋጋው ነዳጅ ነው። ሱፐርቻርጀር ካለው ቪ8 ጋር ሲሆን ደግሞ ማደያ ደጋግማችሁ ትጎበኛላችሁ።

አራተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። እዚህ ትራንስፈር ኬዝ የሚባል ነገር የለም። ሪቪያን አር1ቲ በ2021 ሲወጣ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ነበረው። ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ ሞተር ብቻ በቅጽበት ይቀንሰዋል። ፍሪሲዮን ማጥበቅ፣ ሻፍት መጠበቅ የለም። ስለ መነሳት ብቻ ካወራን ቤንዚኑ ሊወዳደረው አይችልም። ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት ግን ሌላ ክህሎት ነው። እዚያ ላይ በብረት የተቆለፈ ዲፈረንሻል የሚሰጠው እርግጠኝነት አሁንም የራሱ ቦታ አለው።

ላውንች ሞድ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ አራት ጎማ ለምን እንደሚያስፈልገው እንይ። ባዶ ፒክአፕ ከፊት ይከብዳል። ሞተሩ ፊት ነው፤ ኋላ ያለው ባዶ የጭነት ሳጥን ነው። ከክብደቱ 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ኋላ ያርፋል እንበል። ስንነሳ መኪናው ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ኋላው ትንሽ ክብደት ይጨምራል። ይህን ሁሉ አስልቼ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ2ኤች የማገኘው ግፊት ከመኪናው ክብደት 40 በመቶ አካባቢ ነው። በአራቱም ጎማ ግን ወደ 80 በመቶ መድረስ ይቻላል። እጥፍ ነው። በ2ኤች 700 ፈረስም ሆነ 400 ፈረስ ቢኖራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ላይ ልዩነቱ በጎማ ጭስ ነው የሚታየው።

ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ጂኤምሲ በ1991 ሳይክሎን የሚባል ትንሽ ፒክአፕ አወጣ። ሞተሩ 4.3 ሊትር ቪ6 ባለ ተርቦ፣ ጉልበቱ 280 ፈረስ ብቻ ነበር። ግን 35 በመቶውን ለፊት፣ 65 በመቶውን ለኋላ እያካፈለ ሁልጊዜ በአራቱም ይነዳ ነበር። አንድ የአሜሪካ የመኪና መጽሔት ከፌራሪ 348 ጋር አወዳደረውና በሩብ ማይል ፒክአፑ ቀደመ። ከዓመታት በኋላ፣ ከ2004 እስከ 2006፣ ዶጅ ራም ኤስአርቲ-10ን ሠራ። ከዶጅ የስፖርት መኪና ከቫይፐር የተወሰደ 8.3 ሊትር ቪ10፣ 500 ፈረስ ጉልበት፣ ግን ኋላ ብቻ። መኪናው በጣም ይከብዳል፣ እውነት ነው። ቢሆንም በዚያ መኪና ላይ ጥሩ አነሳስ የሾፌሩ ቀኝ እግር ጥበብ ነበር። በሳይክሎን ላይ ግን ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ለእኔ የእነዚህ ሁለት መኪኖች ልዩነት የትኛውም ማስታወቂያ ከሚለው በላይ ይናገራል።

ላውንች ኮንትሮል በዚህ ላይ የሚጨምረው ሥርዓት ነው። አካሄዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሞዱን ከስክሪኑ ወይም ከቁልፍ ትመርጣላችሁ። መሪው ቀጥ ይላል። ፍሬኑን በግራ እግር ጥብቅ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። በቀኝ እግር ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ። ሞተሩ ግን አይጮህም፤ ኮምፒውተሩ በተወሰነ ዙር ላይ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ በሻፍቶችና በማርሾች መካከል ያለው ልል ክፍተት ይጠብቃል፣ ተርቦ ካለው ተርቦው ግፊት ያጠራቅማል። ፍሬኑን በአንዴ ስትለቁ መኪናው ይወረወራል፤ ኮምፒውተሩም ጎማዎቹ ጥቂት ብቻ እንዲንሸራተቱ ጉልበቱን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይቆርጣል፣ ይመልሳል። ላውንች ኮንትሮል ላለው ቲአርኤክስ ራም ከዜሮ እስከ 60 ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ 4.5 ሰከንድ ብሏል።

ባጃ ሞድን ከላውንች ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ባጃ የተሠራው በክፍት በረሃ በፍጥነት ለመንዳት ነው። ሬንጀር ራፕተር ላይ ለምሳሌ በባጃ ሞድ የሚሠራ የተርቦ ዝግጁነት ሥርዓት አለ፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ካነሳ በኋላም እስከ 3 ሰከንድ ተርቦው እየዞረ እንዲቆይ ያደርጋል። ከኩርባ ሲወጣ ጉልበቱ ሳይዘገይ ይመጣል። ቆሞ ከመነሳት ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የቲአርኤክስ የዝላይ መለያም እንደዚሁ ነው፤ አራቱም ጎማ አየር ላይ ሲሆኑ አውቆ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ሲያርፍ ሻፍትና ካምቢዮ እንዳይሰበሩ። ጥሩ ነገር ነው፤ የላውንች አካል ግን አይደለም።

ኤሌክትሪኮቹ ጋ ላውንች ሌላ መልክ አለው። ሞተሩ ከዜሮ ዙር ሙሉ ኃይል ስላለው የሚጠራቀም ግፊት የለም። ሞዱ የሚሠራው ባትሪውን ለብዙ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማዘጋጀትና የመኪናውን አቋም ማስተካከል ነው። ጂኤምሲ ሃመር ኢቪ ዋትስ ቱ ፍሪደም በሚለው ሞድ ራሱን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ሲወጣ እስከ 1,000 ፈረስ ጉልበት ይዞ 60 ማይል በሰዓት ላይ በ3 ሰከንድ አካባቢ ይደርስ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ አምራቾች ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚጀምሩት መኪናው አንድ ጫማ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ቴስላ ለሳይበርትራክ ባለ ሦስት ሞተሩ የሚያስቀምጠው 2.6 ሰከንድም እንዲህ የተቆጠረ ነው። ይህች ጅማሮ ከ0.2 እስከ 0.3 ሰከንድ ትቀንሳለች። ሁለት መኪኖችን በቁጥር ስታወዳድሩ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው ከእውነተኛ ዜሮ የተቆጠረ እንዳይሆን አረጋግጡ።

ላውንች የሚያስከፍለው

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ መኪና ሲጎዳ አይቻለሁ። ፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ያ ሁሉ ሥራ በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሞተሩ በ1,500 ዙር 400 ኒውተን ሜትር ቢገፋ ከ60 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ነው። ሠላሳ ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያዎችን በአንድ ባልዲ ዘይት ውስጥ መንከር ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ መያዝ ምንም አይጨምርም።

ስለዚህ በሁለት ላውንች መካከል መኪናውን ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ንዱት፤ ዘይቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይመላለስ። የካምቢዮ ሙቀት መለኪያ ካለ እሱን እዩ። ሞተሩ ሳይሞቅ በጭራሽ አትሞክሩት። መሪው ዞሮ እያለ አትሞክሩት። ሳጥኑ ላይ ጭነት ወይም ተጎታች ካለ አትሞክሩት። ቦታው ደግሞ የተዘጋ የውድድር ሜዳ ወይም ሌላ ሰው የማይገባበት ስፍራ ይሁን። ሦስት ቶን የሚጠጋ መኪና በ4.5 ሰከንድ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ፣ መንገድ ላይ የሚወጣ ልጅ ወይም እንስሳ ምንም ዕድል አይኖረውም።

ይህን ደግሞ በልቤ ያለውን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ፦ አራት ጎማ ማስነሳት ላይ ይረዳል፣ ማቆም ላይ አይረዳም። ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ ፍሬን ነው፤ 2ኤችም 4ኤችም ላይ ያው ነው። በበረዶ ወይም በጭቃ 4ኤች አስገብቶ በቀላሉ የተነሳ ሾፌር መንገዱ ይዞለት ይመስለዋል። የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ሲደርስ ነው እውነቱን የሚያውቀው።

ጎማም ገደብ አለው። ቲአርኤክስ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ከፍተኛ ፍጥነቱ በ190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ የተገደበ ነው፤ ለሸካራ መሬት የተሠሩት ባለ 35 ኢንች ጎማዎች ከዚያ በላይ አልተሠሩምና። አራቱም ጎማ እኩል ያረጁ መሆናቸውም ወሳኝ ነው። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ገጥሞ በ4ኤ መንዳት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ፊትና ኋላ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። ፍሪሲዮኑ ቀኑን ሙሉ እየተፋተገ ይሞቃል። ከጎማ ጥንድ ለመቆጠብ ብሎ ትራንስፈር ኬዝ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

የትኛው ለየትኛው መሬት?

ደረቅ አስፋልት ላይ ለመንዳት 2ኤች ወይም 4ኤ። ላውንች ለማድረግ 4ኤ ወይም መኪናው ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳ ከሆነ ስፖርት። የተቆለፈ 4ኤች ደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ሊያስነሳችሁ ይችላል፤ ግን መጨረሻ ላይ መታጠፍ አይቀርም፣ ያኔ የወዳጄ ነገር ይመጣል።

ዝናብ ላይ 4ኤ። ላውንችን ተዉት፤ ኮምፒውተሩ የተስተካከለው ለደረቅ መሬት ነው፣ ኩሬ ቀድሞ አያይም።

አሸዋ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ትንሽ መሽከርከር ያስፈልጋል፤ ጎማው አሸዋውን እየጠረገ ነው የሚሄደው። ጎማ እንዳይሽከረከር የሚጠብቀው ሥርዓት፣ ትራክሽን ኮንትሮል፣ ጉልበቱን ከቆረጠው መኪናው ይቆምና ይሰምጣል። ስለዚህ 4ኤች፣ የአሸዋ ሞድ፣ የጎማ ንፋስ ቀነስ፣ ነዳጅ ለስለስ ብሎ ግን ሳይቋረጥ። በአሸዋ ላይ ከቆማችሁበት በኃይል መነሳት ጉድጓድ መቆፈር ነው። ኤፍ-150 ራፕተር ባለ 37 ኢንች ጎማም ቢሆን አሸዋ ውስጥ በድፍረት የረገጠ ሰው በአካፋ ነው የሚወጣው። አስፋልት ላይ ስትመለሱ ንፋሱን መሙላት አትርሱ።

ጭቃ ላይ 4ኤች፤ ጎድጎድ ያለ ከሆነ የኋላውን ዲፈረንሻል ቆልፉ። ጠንካራ መሬት ስትደርሱ ወዲያው ፍቱት፤ የተቆለፈ ዲፈረንሻል መኪናውን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይገፋዋል፣ መሪውን አይሰማም። ድንጋይ ላይ 4ኤል። ጠጠር መንገድ ላይ እስከ መካከለኛ ፍጥነት 4ኤ ይበቃል፤ ፍጥነት ስትጨምሩ 4ኤች መኪናውን ይበልጥ ያረጋጋዋል።

ሞድ ስትቀይሩ ፎር ዊሉም አብሮ ሊቀየር እንደሚችል አትዘንጉ። በብዙ መኪና ስፖርት ወይም ባጃ ስትሉ ኮምፒውተሩ የፎር ዊሉን፣ የመሪውን፣ የአሞርዛተሩንና የመረጋጊያ ሥርዓቱን አቀማመጥ በአንዴ ይለውጣል። ባጃ ላይ ነድታችሁ ወደ አስፋልት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን።

ከመፈረማችሁ በፊት

መኪናውን ለሙከራ ስትነዱ ሻጩ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አስረግጦ ሊያስደንቃችሁ ይፈልጋል። ደስ ይላል፣ አትከልክሉት። ከዚያ ግን ደረቅ ወደሆነ ሰፊ ማቆሚያ ውሰዱት። 4ኤ አስገቡ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ሙሉ ክብ ዙሩ። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። መስኮቱን ከፍታችሁ አዳምጡ። ከተንገጫገጨ ወይም ጎማው ከጮኸ፣ ፍሪሲዮኑ አልላላ ብሏል ወይም ጎማዎቹ እኩል አይደሉም። ያገለገለ ከሆነ የትራንስፈር ኬዙ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፣ አራቱንም ጎማ ጥርሳቸውን በጣት ለኩ፣ ከሥር ገብታችሁ የሻፍቱን መስቀለኛ ያዙና አወዛውዙት። ልቅ ከሆነ መኪናው ስንት ላውንች እንዳየ ነግሯችኋል፤ ሻጩ ባይነግራችሁም።